ፀጉራሙ የጥልቁ ባሕር ሸርጣን የት የት ይኖር ይሆን?

እ.ኤ.አ. በማርች 2005 አልቪን የተባለችው ጠላቂ መርከብ ከኢስተር ደሴት በስተደቡብ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ጠልቃ ሳለ፣ በውስጧ የነበሩት ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት ማንም ያልመዘገበውን እንስሳ አዩ። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን መልኩ ነጣ ያለ ነው። ዓይኖቹ ወደ ስስ ሽፋን ተለውጠው የማየት አቅማቸውን አጥተዋል፤ መቆንጠጫዎቹና እግሮቹ ደግሞ ፀጉር በመሰለ ነገር ተሸፍነዋል። በዚያው ዓመት ማክፈርሰን፣ ጆንስ እና ሴጎንዛክ የተባሉ ሊቃውንት ኪዋ ሂርሱታ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጡለት። ከሚታወቁት ዘመዶቹ ሁሉ የተለየ ሆኖ ስለተገኘም ለእሱ ብቻ አዲስ የእንስሳት ቤተሰብ ተከፈተለት። ሕዝቡ በሂማላያ ተረት በሚነገርለት ፀጉራም ፍጡር ስም የቲ ሸርጣን ይለዋል። በዝምድናው ግን ከተለመዱት ሸርጣኖች ይልቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተውሰው ለሚኖሩት ሸርጣኖች ይቀርባል።

እንስሳው ሲገኝ አንድ ከባድ ጥያቄም አብሮት መጣ። ይህ ፍጡር የታየው በአንድ ቦታ ነው፤ ታዲያ ሌላስ የት ይኖራል? የውቅያኖስ ወለል ከየብሱ ሁሉ በእጥፍ ይሰፋል፤ ከዚያ ውስጥ በዓይን የታየው እጅግ ጥቂቱ ነው። ቦታውን ሁሉ እየጠለቁ ማሰስ በአንድ ሰው ዕድሜ ቀርቶ በብዙ ትውልድም የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች እንስሳውን ከመፈለጋቸው በፊት የሚገኝበትን ቦታ መተንበይ ይኖርባቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ይህን የትንበያ ሥራ ነው።

ፀጉሩ ላይ ምግቡን የሚያሳድግ እንስሳ

የአንድን ፍጡር መኖሪያ ለመተንበይ መጀመሪያ አኗኗሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የየቲ ሸርጣን አኗኗር ከባሕር ወለል ፍል ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። የመሬት ቅርፊት በሚለያይባቸው የውቅያኖስ ሰንሰለታማ ተራራዎች ላይ ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ በስንጥቆች ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከሥር ባለው የቀለጠ ዐለት ይግላል፤ ከዚያም ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የተለያዩ ማዕድናትን ተሸክሞ እንደገና ወደ ላይ ይፈልቃል። በእነዚህ ፍል ውሃዎች ዙሪያ ሕይወት እንደሚርመሰመስ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ ነበር። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ የምግብ መሠረት የሚሆኑት ከኬሚካሎች ኃይል የሚያገኙ ባክቴሪያዎች ናቸው። የየቲ ሸርጣን ፀጉር የእነዚህ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ነው።

ይህ ግንኙነት በደንብ የተብራራው ሁለተኛው ዝርያ ከተገኘ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኮስታሪካ ዳርቻ ወጣ ብሎ 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የታየውን ይህን ዝርያ አንድሩ ተርበርና ባልደረቦቹ በ2011 ኪዋ ፑራቪዳ ብለው ሰየሙት። ሸርጣኑ መቆንጠጫዎቹን ግራና ቀኝ በምት እያወዛወዘ በባክቴሪያዎቹ ላይ ኦክስጅንና ሰልፋይድ ያለበት ውሃ እንዲመላለስ ያደርጋል። ባክቴሪያዎቹ ሲያድጉ ማበጠሪያ በሚመስል የአፉ ክፍል ከፀጉሩ ላይ ሰብስቦ ይበላቸዋል። ምግቡን በገዛ አካሉ ላይ ያሳድጋል ማለት ነው።

ይህ ግኝት ለመኖሪያው ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ኪዋ ፑራቪዳ የተገኘው ሚቴንና ሰልፋይድ ከባሕሩ ወለል ቀስ እያለ በሚወጣበት ቀዝቃዛ ቦታ ላይ እንጂ በፍል ውሃ አጠገብ አልነበረም። በመጀመሪያው ግኝት ብቻ ተመሥርቶ ካርታ የሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ ፍል ውሃ የሌለበትን ቦታ ሁሉ ይሰርዝ ነበር፤ ኮስታሪካም አብራ ትሰረዝ ነበር። ሁለተኛው ዝርያ ለዚህ ቤተሰብ ከሙቀቱ ይልቅ ኬሚካሉ ዋና ነገር መሆኑን አሳየ።

ሦስተኛው ዝርያ ደግሞ ሙቀትን መልሶ ወደ ስሌቱ አስገባው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ጄምስ ኩክ ከተባለችው የብሪታንያ የምርምር መርከብ የወረደው አይሲስ የተባለ ሮቦት በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው የደቡብ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ ስኮሺያ ሰንሰለት ላይ፣ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ሸርጣኖችን በካሜራ አሳየ። በአንዳንድ ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ከ700 በላይ ነበሩ። ይህ ዝርያ በ2015 በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የጥልቅ ባሕር ተመራማሪ በሆኑት በፖል ታይለር ስም ኪዋ ታይለሪ ተባለ።

የኪዋ ታይለሪ ኑሮ በሁለት ጽንፎች መካከል የተያዘ ነው። ከወለሉ የሚፈልቀው ውሃ ሙቀት በአንደኛው ቦታ እስከ 383 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለክቷል፤ ከፍል ውሃው ጥቂት ሜትሮች ራቅ ሲባል ደግሞ ባሕሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ የቀረበ ነው። ሸርጣኖችና ዘመዶቻቸው እንዲህ ያለውን ቅዝቃዜ በቀላሉ አይችሉም። በደማቸው ውስጥ ያለውን ማግኒዚየም አስወግደው መጨረስ ስለሚያቅታቸው ሰውነታቸው ይፈዛል፤ የደቡብ ውቅያኖስ ከሸርጣን ባዶ ሊባል የሚቀርበው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ስለዚህ ኪዋ ታይለሪ የሚኖረው ፍል ውሃው ሳያቃጥለው፣ ባሕሩም ሳያደነዝዘው በሚቆይባት ጠባብ ወሰን ላይ ነው። ትልልቆቹ ወንዶች ወደ ፍል ውሃው ይጠጋሉ፤ እንቁላል የተሸከሙ ሴቶች ግን ከመንጋው ተለይተው በቀዝቃዛው ጠርዝ ተገኝተዋል፤ ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት ፅንሶቹ በፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ኬሚካልና የኦክስጅን እጥረት አይቋቋሙትም የሚል ነው። የዚህ ዝርያ የስርጭት ካርታ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት የተበተኑ፣ እያንዳንዳቸው ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ስፋት ያላቸው ነጠብጣቦች ይሆናል።

ገበሬው የሚያውቀው ዘዴ

የኢትዮጵያ ገበሬ መሬቱን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ከፍሎ፣ ገብሱን ከብርዱ፣ ጤፉን ከመካከለኛው፣ ማሽላውን ከሙቀቱ ጋር ሲያዛምድ የሚሠራው ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተር ከሚሠራው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ገበሬው ሄዶበት የማያውቀው አገር ከፍታውና ዝናቡ ቢነገረው ምን እንደሚበቅልበት ሊገምት ይችላል። የስርጭት ሞዴል የሚባለውም ይኸው ነው። ዝርያው የታየባቸው ቦታዎች ይመዘገባሉ፤ በእነዚያ ቦታዎች ያለው ሙቀት፣ ጥልቀት፣ ጨዋማነት፣ ኦክስጅን ይለካል፤ ከዚያ ተመሳሳይ ሁኔታ ያላቸው ሌሎች ቦታዎች ይፈለጋሉ። ማክስኤንት የተባለውና ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት ፕሮግራም ዝርያው የተገኘባቸው ቦታዎች ብቻ ቢሰጡት እንኳ መሥራት ስለሚችል በተመራማሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። የኢትዮጵያ የዱር ቡና በ2080 ምን ያህል ቦታ ሊቀረው እንደሚችል የተነበየው የ2012 ጥናትም በዚሁ የሞዴል መንገድ የሄደ ሲሆን፣ ቡናው ዛሬ ከሚገኝባቸው አመቺ ቦታዎች ቢያንስ 65 በመቶ ያህሉ ሊጠፉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

የአካባቢ ሁኔታ መስማማቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ኤቭሊን ሃቺንሰን የተባሉት ሳይንቲስት በ1957 አንድ ዝርያ ሊኖርበት በሚችለውና በእርግጥ በሚኖርበት መካከል ልዩነት እንዳለ በግልጽ አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ሆርሄ ሶቤሮንና ታውንሰንድ ፒተርሰን በ2005 ጉዳዩን ወደ ሦስት ጥያቄዎች ጠቅልለውታል። አንደኛ፣ የቦታው ተፈጥሯዊ ሁኔታ ለዝርያው ይስማማል ወይ? ሁለተኛ፣ እዚያ ያሉት ሌሎች ፍጡራን ያኖሩታል ወይ? ሦስተኛ፣ ዝርያው እዚያ መድረስ ይችላል ወይ? ሦስቱም መልሳቸው አዎ በሆነበት ቦታ ዝርያውን መጠበቅ ይቻላል።

ሦስቱ ጥያቄዎች ለየቲ ሸርጣን

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ የሸርጣኑን ትቶ የቤቱን ቦታ መተንበይ ይቀላል። የውቅያኖስ መካከለኛ ሰንሰለት ወደ 65,000 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የመሬት ቅርፊት ፈጥኖ በሚለያይበት ክፍል ፍል ውሃ ይበዛል፤ ቀስ ብሎ በሚለያይበት ይሳሳል። ይህን ዝምድና መሠረት ያደረገ የ2015 ጥናት ገና ያልተገኙ 900 ያህል የፍል ውሃ ሥፍራዎች በእነዚህ ሰንሰለቶች ላይ እንዳሉ ገምቷል። ፍል ውሃው ከወለሉ ተነሥቶ እንደ ጭስ በሚሰራጭበት ጊዜም በውሃው ውስጥ የሙቀት፣ የድፍርስነትና የኬሚካል ምልክት ይተዋል፤ ከመርከብ በገመድ የሚወርዱ መሣሪያዎች ይህን ያነባሉ። በምሥራቅ ስኮሺያ ሰንሰለት የፍል ውሃ ምልክት የተነበበው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ ሸርጣኖቹ በዓይን የታዩት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ትንበያው መንገዱን ጠቁሟል፤ ሮቦቱ ተከትሎ ሄዷል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጎረቤቶች ጉዳይ ነው። በምሥራቅ ስኮሺያ ፍል ውሃዎች በምሥራቅ ፓስፊክ የታወቁት ግዙፍ የቱቦ ትሎችም ሆኑ መስል የተባሉት ባለ ዛጎል የፍል ውሃ እንስሳት አልተገኙም፤ ቦታውን በብዛት የያዘው የቲ ሸርጣን ነው። በአትላንቲክ መካከለኛ ሰንሰለት ደግሞ ሪሚካሪስ የተባሉ ሽሪምፖች ባክቴሪያ በአካላቸው ላይ እያኖሩ በሺዎች ተከማችተው ይኖራሉ። የሁለቱ የኑሮ ዘዴ በጣም ስለሚመሳሰል፣ ሙቀቱንና ኬሚካሉን ብቻ የሚያይ ሞዴል አትላንቲክን በሙሉ ለየቲ ሸርጣን ሊሰጥ ይችላል። ካርታ ሠሪው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቦታው ቀድሞ የተያዘ እንደሆነ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው የጉዞ ጥያቄ ነው። ያደገ ሸርጣን ከፍል ውሃ ወደ ፍል ውሃ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊራመድ አይችልም፤ ወደ አዲስ ቦታ ዘሩን የሚያደርሰው በውሃ እየተወሰደ የሚሄደው እጭ ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለማቋረጥ የሚዞረው ኃይለኛ የባሕር ሞገድ እዚህ ላይ ትልቅ ሚና አለው። ከማዳጋስካር በስተደቡብ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሰንሰለት ላይ ሎንግቺ በተባለው የፍል ውሃ ሥፍራ የሚኖር የቲ ሸርጣን ከምሥራቅ ስኮሺያው 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሆኖም በዘረመል ሲነጻጸሩ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የ2013 ጥናት እንደሚለው የተለያዩት ባለፉት ሦስት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። በ2016 ደግሞ የኮሪያ ሳይንቲስቶች ከአውስትራሊያና ከአንታርክቲካ መካከል ካለው ሰንሰለት ያገኙትን ኪዋ አራኦኔን ይፋ አደረጉ። ፓስፊክንና ሕንድ ውቅያኖስን በሚያገናኘው ሰፊ ክፍተት ውስጥ የተገኘ ዘመድ በመሆኑ፣ ሰንሰለቶቹና ሞገዱ ለዚህ ቤተሰብ መንገድ ሆነዋል የሚለውን ሐሳብ ያጠናክራል።

ለቀይ ባሕር ብንጠይቅስ?

የሕንድ ውቅያኖስ ሰንሰለት ወደ ሰሜን ሲከተሉት መጨረሻው ወደ እኛ ይመጣል። ከሮድሪገስ ደሴት አካባቢ ተነሥቶ በካርልስበርግ ሰንሰለት አልፎ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ በታጁራ በኩልም ወደ አፋር ምድር ይወጣል። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ እስከ 8 ሜትር የተከፈተው በዚሁ የመለያየት ኃይል ነው። በውቅያኖስ ሥር ለየቲ ሸርጣን ቤት የሚሠራለት ሂደት በኤርታሌና በዳሎል በዓይናችን የምናየው ነው።

ታዲያ የቲ ሸርጣን በቀይ ባሕር ጥልቀት ውስጥ ይኖር ይሆን? ከሦስቱ ጥያቄዎች አንደኛውንና ሦስተኛውን እናቅርብ። በቀይ ባሕር መካከል ፍል ውሃ አለ፤ በ2023 ሃቲባ ሞንስ በተባለው የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ ላይ ንቁ ፍል ውሃዎች መገኘታቸው ታትሟል። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ ግን ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀና በጣም ጨዋማ ነው፤ የታወቁት የቲ ሸርጣኖች ከሚኖሩበት ቀዝቃዛ ጥልቅ ውቅያኖስ ጋር አይመሳሰልም። የጉዞው ጥያቄ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። በባብ ኤል መንደብ አጠገብ የቀይ ባሕር መግቢያ ወለል ከፍ ብሎ ጥልቀቱ ወደ 137 ሜትር ብቻ ይወርዳል። በሺህ ሜትሮች ጥልቀት ለሚኖር እንስሳ እጭ ይህ ግንብ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ለቀይ ባሕር የሚሰጠው ዕድል ዝቅተኛ ይሆናል። ለኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን ያ ግንብ የለም፤ በሩ ለሕንድ ውቅያኖስ ክፍት ነው። በሁለት ጎረቤት ባሕሮች ላይ የተለያየ መልስ እንድንሰጥ የሚያደርገን ምክንያቱን ማወቃችን ነው። ጥሩ ትንበያ ከምክንያቱ ጋር ይመጣል፤ ምክንያቱ ስህተት ሆኖ ከተገኘም የት ላይ መታረም እንዳለበት ይታወቃል።

ትንበያው የሚስትበት ቦታ

የየቲ ሸርጣን የተገኘባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ለኮምፒዩተር ጥቂት ነጥብና ብዙ የአካባቢ መረጃ ከተሰጠው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ሸምድዶ ያማረ ካርታ ያወጣል፤ ካርታው የታዩትን ቦታዎች በትክክል ያሳያል፣ ለአዲስ ቦታ ግን አይረባም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ከእንስሳው አካልና አኗኗር ጋር የተያያዙ ሁለት ሦስት መለኪያዎችን ብቻ ይመርጣል። ከዚያ ከታወቁት ቦታዎች አንዱን ደብቆ ሞዴሉ በቀሩት ተመርቶ የተደበቀውን ያገኘው እንደሆነ ይፈትናል፤ ይህንንም ለእያንዳንዱ ቦታ ይደግማል።

ሌላው ችግር ፍለጋው ራሱ የተዛባ መሆኑ ነው። የምርምር መርከቦች የሚሄዱት ወደብ ወደሚቀርብበት፣ አየሩ ወደሚመችበት፣ ገንዘብ ወደተመደበበት ነው። የደቡብ ውቅያኖስ ክረምቱ፣ ማዕበሉና ርቀቱ ብዙዎችን አግዶ ኖሯል። ሲብድ 2030 የተባለው የዓለም የባሕር ወለል ካርታ ፕሮጀክት በ2017 ሲጀመር በዘመናዊ መሣሪያ በዝርዝር የተነሣው ወለል 6 በመቶ ያህል ነበር፤ በ2024 ወደ 26 በመቶ ደርሷል። ያም ቅርጹ ብቻ ነው፤ በላዩ የሚኖረው አልታየም። እንዲህ ባለ ካርታ ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ማንም ያልሄደበት ሊሆን ይችላል፤ እንስሳው የለም ብሎ ለመፍረድ ግን አይበቃም።

ሞዴል ሲሳሳትም የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። በ2003 በማዳጋስካር የእስስቶችን ስርጭት የተነበዩ ተመራማሪዎች ሞዴሉ ይኖሩበታል ያላቸውን ነገር ግን እስስቶቹ ያልተመዘገቡባቸውን አካባቢዎች ሄደው ሲያስሱ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ሰባት የእስስት ዝርያዎች አገኙ። ሞዴሉ ስለ ዝርያው ቢሳሳትም ስለ ቦታው ልክ ነበር፤ እዚያ የሚኖሩት ያልታወቁ የቅርብ ዘመዶች ነበሩ። የየቲ ሸርጣን ፈላጊዎችም ይህን ተስፋ ማድረግ ይችላሉ። በአንድ ዝርያ ስም የተሠራ ካርታ የመላ ቤተሰቡ መንገድ ጠቋሚ ሊሆን ይችላል።

ካርታው ከፈቃዱ ይቅደም

እነዚህ ካርታዎች የሚያስፈልጉት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ፍል ውሃው የሚያስቀምጠው ማዕድን መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅና ብር ስለያዘ የማዕድን ፈላጊዎች ዓይን ተጥሎበታል። መቀመጫው በጃማይካ ኪንግስተን የሆነው የዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን በ2011 በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሰንሰለት ላይ ለቻይና ድርጅት የፍለጋ ውል ሰጥቷል፤ የቲ ሸርጣን የሚኖርበት ሎንግቺ በዚህ የውል ክልል ውስጥ ይገኛል። የምሥራቅ ስኮሺያው ኪዋ ታይለሪ ግን በደቡብ ጆርጂያና ደቡብ ሳንድዊች ደሴቶች ዙሪያ በ2012 በታወጀው የባሕር ጥበቃ ክልል ውስጥ ነው። ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች የተለያየ ዕጣ የገጠማቸው በሰው በተሠመረ ድንበር ነው።

የስርጭት ክልል በሕግ ፊት ያለውን ክብደት በሎንግቺ የሚኖር ሌላ ፍጡር አሳይቷል። ብረት ለበስ እግር ያለው ቀንድ አውጣ በ2019 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ሰፈረ። በጥልቅ ባሕር ማዕድን ሥጋት ምክንያት በዚህ መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ዝርያ ነው። ውሳኔውን የሚቻል ያደረገው ቀንድ አውጣው ያን ጊዜ ይታወቅ የነበረው ከሦስት ትንንሽ ሥፍራዎች ብቻ መሆኑ በማስረጃ መቅረቡ ነው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሕግም ያልተመዘገበን ፍጡር አይጠብቅም። ይሁንና ፍል ውሃውን ሁሉ አሰስነው እስክንጨርስ የማዕድን ማውጫው ማሽን አይጠብቀንም፤ ስለዚህ ትንበያው ራሱ በማስረጃነት ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለበት። የሚቀርበው ካርታ ሦስት ነገሮችን በሦስት ቀለም ለይቶ ያሳይ፤ እንስሳው የታየበትን፣ በምክንያት የሚጠበቅበትን፣ እና ማንም ያልሄደበትን። የመጀመሪያው ይጠበቅ። ሁለተኛውን ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሮቦት ወርዶ ይየው። ሦስተኛው ባዶ ተብሎ አይሸጥ። እንዲህ ያለ ካርታ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት ዛሬ በእጃችን አለ፤ የቀረው ፈቃድ ሰጪው ከመፈረሙ በፊት እንዲያነበው ግዴታ ማድረግ ነው።